በራሷ ፍሬን የምትይዝ መኪና፦ አሽከርካሪን የሚያግዙ ሥርዓቶችና ስክሪኖች ለምን ይሳሳታሉ?

ባሕር ዳር፦ የስንዴ አዝመራ አሰባሰብን ለመዘገብ ከባሕር ዳር ወደ መርዓዊ በሚወስደው አስፋልት እየተጓዝን ነበር። የተሳፈርንባት የኤሌክትሪክ መኪና ከተገዛች ዓመት አልሞላትም። ከፊታችን የባሕር ዛፍ አጣና የጫነ አይሱዙ ፍጥነቱን ቀንሶ በስተቀኝ ወዳለው የጠጠር መንገድ ታጠፈ። አሽከርካሪያችን የጭነት መኪናው ከመንገዱ እየወጣ መሆኑን ስላዩ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ አንሥተው ጉዞውን ሊቀጥሉ ሲሉ፣ መኪናዋ ማንም ሳያዝዛት በኃይል ፍሬን ያዘች። የካሜራው ማቆሚያ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተወረወረ፤ ሲከተለን የነበረ ባጃጅ ወደ መንገዱ ዳር ወጥቶ ለጥቂት ዳነ። በስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከሥሩም አነስ ያለ ቢጫ ጽሑፍ ቀረ። ሁለቱም በቻይንኛ ስለነበሩ ከአራታችን አንዳችንም ልናነባቸው አልቻልንም።

«ይኸው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው» አሉ አሽከርካሪው። «ጋራዥ ወስጃት ነበር፤ ፍሬኗ ጤነኛ ነው ብለው መለሱልኝ።»

የጋራዡ ባለሙያዎች አልተሳሳቱም። ፍሬኑ በእርግጥም ጤነኛ ነበር፤ የተሳሳተው ፍሬኑን ያዘዘው ክፍል ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር ወር 2016 ዓ.ም ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ እንዲህ ያሉ ማዘዣ ክፍሎች የተገጠሙላቸው አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከአዲስ አበባ አልፈው በክልል ከተሞችና በወረዳ መንገዶች ላይ መታየት ጀምረዋል። ከእነርሱ ጋር ችግሩም አብሮ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቶቹ ምን እንደሆኑ፣ በምን ምክንያት እንደሚሳሳቱ፣ በሌላው ዓለም የገጠሙ ችግሮች ምን እንዳሳዩና በእኛ መንገድ ላይ ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ያብራራል።

ሥርዓቶቹ ምንድን ናቸው?

ብዙዎቻችን «የመኪናው ኮምፒውተር» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር በሁለት የሚከፈል ነው። የመጀመሪያው አሽከርካሪን የሚያግዘው ክፍል ሲሆን፣ ከፊት ለፊት ያለውን አደጋ አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዘውን፣ መኪናው ከመሥመሩ ሲወጣ መሪውን የሚመልሰውን፣ ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀቱን ጠብቆ ፍጥነት የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን፣ እንዲሁም በጎን በኩል ከአሽከርካሪው ዕይታ የተሰወረን መኪና የሚያሳውቀውን ያካትታል። ሁለተኛው በመኪናው መካከል የተተከለው ትልቁ ስክሪን ነው። ሬዲዮው፣ ካርታው፣ ስልኩ፣ የኋላ ካሜራው፣ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የአየር ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ጭምር በዚሁ ስክሪን በኩል ይታዘዛሉ።

ሥርዓቶቹ የቅንጦት ዕቃ ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ የሚገኘው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ኢንሹራንስ ኢንስቲትዩት ባደረገው ጥናት፣ የግጭት ማስጠንቀቂያና በራሱ የሚይዝ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ከፊታቸው ያለውን መኪና ከኋላ የመግጨት አጋጣሚያቸው በግማሽ ያህል ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ በራሱ የሚይዝ ፍሬን፣ መሥመር ጠባቂና የፍጥነት ወሰን አሳዋቂ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዷል። ስለዚህ «አጥፍቶ መገላገል» የሚለው ምክር፣ በጋራዥ ደጃፍ ደጋግሜ ብሰማውም፣ ቶሎ የምቀበለው አይደለም። ይሁን እንጂ ግማሹን አደጋ የሚያስቀር ሥርዓት ሲሳሳት ራሱ አደጋ ይሆናል። አስፋልት ላይ ያለ ምክንያት ቀጥ ያለች መኪና፣ ከኋላዋ የሚመጣው ባጃጅ ሳይሆን ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

መኪናው እንዴት ያያል?

አብዛኞቹ መኪኖች በሁለት ዓይን ያያሉ። አንደኛው ከፊት መስታወቱ በስተጀርባ፣ በመካከለኛው የኋላ ማሳያ መስታወት አካባቢ የተገጠመ ካሜራ ነው። ሁለተኛው ከፊት ፓራውልት ውስጥ ወይም ከመኪናው ዓርማ በስተጀርባ የተሰወረ ራዳር ነው። ራዳሩ በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከአንድ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ የነገሩን ርቀትና ከመኪናው አንጻር ያለውን ፍጥነት ያሰላል። ካሜራው ደግሞ ያየው ነገር መኪና፣ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ መሆኑን ከዚህ በፊት ከተማራቸው ምስሎች ጋር አስተያይቶ ይፈርዳል።

ራዳር በተንቀሳቃሽ ነገር ላይ የጎበዘውን ያህል በቆመ ነገር ላይ ይቸገራል። ለእርሱ የድልድይ ብረት፣ የመንገድ ምልክት፣ የጉድጓድ ክዳንና መንገድ ዘግቶ የቆመ ከባድ መኪና ሁሉም «የቆመ ብረት» ናቸው። ለሁሉም ፍሬን ቢይዝ መኪናው መሄድ አይችልም፤ ሁሉንም ቢንቅ ደግሞ የቆመውን ከባድ መኪና ይገጫል። መሐንዲሶቹ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ልክ ይመርጣሉ። የትኛውም ልክ ቢመረጥ አንዳንዴ በከንቱ መደንገጡ፣ አንዳንዴም መዘግየቱ አይቀርም።

በእኛ ላይ የደረሰው የዚሁ ዓይነት ነው። የሚታጠፍ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ የኋላ ክፍሉ ለጥቂት ሰከንድ በመንገዱ ላይ ይቆያል። ሰው አሽከርካሪ የፍሬቻውን መብራትና የጎማውን አቅጣጫ አይቶ «እኔ እስክደርስ ይወጣል» ብሎ ይገምታል። ሥርዓቱ ግን ርቀቱ እየጠበበ መሆኑን ብቻ አስልቶ ግጭት ይመጣል ብሎ ይደመድማል።

በታወቁ አምራቾች ላይ ምን ታየ?

ችግሩ የርካሽ መኪና ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር መዛግብት ሌላ ነገር ይናገራሉ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ በ2019 የ2017 እና የ2018 ሞዴል በሆኑ 553 ሺህ 860 የኒሳን ሮግ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቷል። ቅሬታው መኪኖቹ በባቡር ሐዲድ ማቋረጫዎች፣ በድልድዮችና በመኪና ማቆሚያ ሕንፃዎች ውስጥ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛሉ የሚል ነበር። ሦስቱም ቦታዎች ብረት የበዛባቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ በ1 ነጥብ 7 ሚሊዮን ገደማ የሆንዳ ሲ አር-ቪ እና አኮርድ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ተጀመረ፤ መነሻውም 278 ቅሬታዎች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምርመራው ከፍ ወዳለ ደረጃ ተሸጋግሮ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን አካተተ።

የቴስላ ጉዳይ ከሁለቱ ይለያል፤ ስሕተቱ አብሮ የተፈጠረ ሳይሆን በአንድ ሌሊት የመጣ ነውና። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2021 ኩባንያው በኢንተርኔት በላከው አዲስ ሶፍትዌር ምክንያት አንዳንድ መኪኖች የሐሰት የግጭት ማስጠንቀቂያ መስጠትና በድንገት ፍሬን መያዝ ጀመሩ። መንስኤው በመኪናው ውስጥ ባሉ ሁለት የኮምፒውተር ክፍሎች መካከል ግንኙነት መቋረጡ ነበር። ኩባንያው ሶፍትዌሩን በፍጥነት መልሶ 11 ሺህ 704 መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። ትናንት ደኅና የነበረች መኪና ቁልፍ ሳይነካት ዛሬ ልትታመም እንደምትችል ማሳያ ነው።

በሬ፣ አህያና ካንጋሮ

የገጠር ዘጋቢ በመሆኔ ከሁሉ ይበልጥ ቀልቤን የሳበው የእንስሳቱ ነገር ነው። የስዊድኑ ቮልቮ በሀገሩ መንገድ ላይ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱትን ግዙፍ የዱር አጋዘኖች የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2017 ሥርዓቱ በአውስትራሊያ ካንጋሮን ለመለየት መቸገሩን የኩባንያው ባለሙያዎች ራሳቸው ተናገሩ። ሥርዓቱ የእንስሳውን ርቀት የሚለካው እግሩ ያረፈበትን መሬት መነሻ አድርጎ ነው። ካንጋሮው ሲዘል አየር ላይ ስለሚሆን ከእውነተኛው ቦታው ይልቅ ራቅ ብሎ ይታየዋል፤ መሬት ሲነካ ደግሞ ቀረብ ይላል። ስዊድን ውስጥ የተማረ ማሽን የሌላ ሀገር እንስሳ ገጠመውና ግራ ተጋባ።

ይህን ወደ እኛ መንገድ እናምጣው። የአውሮፓ የአዳዲስ መኪኖች ምዘና ፕሮግራም በራሱ የሚይዝ ፍሬንን የሚፈትነው በመኪና፣ በእግረኛ፣ በብስክሌተኛና በሞተረኛ ነው። በሬና አህያ በፈተናው ውስጥ የሉም። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ጭድ የተጫነች አህያ ከኋላ ስትታይ የእንስሳ ቅርጽ የላትም፤ እኔ ራሴ ከሩቅ አንዳንዴ የምለያት በእግሮቿ ነው። ከግጦሽ የሚመለስ የከብት መንጋ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ የምታዘቀዝቅበትና ካሜራው ፊት ለፊት በጨረር የሚታወርበት ነው። መኪናው በእግረኛ ፊት በትክክል ሲቆም ያየ አሽከርካሪ በከብት ፊትም ይቆማል ብሎ መተማመን የለበትም።

የአጣና ጭነትም የራሱ ጣጣ አለው። ከአይሱዙ ካሶኒ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ የተረፉ ቀጫጭን አጣናዎች ከጭነት መኪናው አካል ጋር ሲነጻጸሩ ለራዳር የሚያንጸባርቁት ጥቂት ነው። ሥርዓቱ ርቀቱን እስከ አጣናው ጫፍ ሳይሆን እስከ መኪናው ብረት ድረስ ሊለካ ይችላል። ርቀት ጠባቂውን አብርቶ አጣና የጫነ መኪና መከተል፣ በተለይ በምሽት፣ የማልመክረው ነገር ነው።

መሥመር ጠባቂውን በተመለከተ የመንገዶቻችን መሥመር ጨርሶ ከሌለ ችግሩ ያንሳል፤ ሥርዓቱ የሚከተለው ነገር ሲያጣ ራሱን ያገልላል። አስቸጋሪው መሥመሩ በከፊል ሲኖር ነው። የደበዘዘ አሮጌ ቀለም፣ ስንጥቅ የተደፈነበት ሬንጅ ወይም የአስፋልቱና የጠጠሩ ወሰን እንደ መሥመር ሊቆጠር ይችላል። ጉድጓድ ለመሸሽ ወደ ግራ ስናዘነብል መሪው ወደ ጉድጓዱ ሲመልሰን ይሰማናል። ይህ ኃይል ግን በአምራቾቹ የተገደበ ነው፤ በሁለት እጁ መሪውን አጥብቆ የያዘ ሰው ያሸንፈዋል። አደጋው መሪውን በሁለት ጣት ለሚይዝ ሰው ነው።

በጋራዥ የሚፈጠር ችግር

በግብርና ኮሌጅ ስንማር የዘር መዝሪያ ማሽን ልኬቱ ሳይስተካከል ወደ ማሳ አይገባም ነበር። ጎማውን በተወሰነ ቁጥር አሽከርክረን የወረደውን ዘር በሚዛን እንለካለን፤ ካልሆነ በሄክታር ምን ያህል እንደሚዘራ ማንም አያውቅም። የመኪናው ካሜራና ራዳርም እንዲሁ ልኬት ይፈልጋሉ። ራዳሩ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው ነገር ወደ 1 ነጥብ 75 ሜትር ወደ ጎን ይሸሻል። ይህ የአንድ መኪና መሄጃ ስፋት ግማሽ ያህል ነው። በዚህ ስሕተት መንገድ ዳር የቆመን ባጃጅ መሐል መንገድ ላይ ያደርገዋል፤ መሐል መንገድ ያለውን ደግሞ ዳር ያስወጣዋል።

ልኬቱን የሚያዛንፉት ሥራዎች በጋራዦቻችን የዕለት ተዕለት ሥራዎች ናቸው። የተሰነጠቀ የፊት መስታወት ሲቀየር ካሜራው ተነቅሎ ስለሚመለስ እንደገና መለካት አለበት። ፓራውልት ተጋጭቶ በስቱኮ ሲሞላና ወፍራም ቀለም ሲቀባ፣ በተለይም ብረት ነክ ቀለም ከሆነ፣ ከበስተጀርባው ያለው ራዳር ሞገዱ ይዳከምበታል። በኋላ ፓራውልት ውስጥ ያሉት የጎን ራዳሮችም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። ከእንስሳ ግጭት ለመከላከል ሲባል ከፊት የሚበየደው የብረት መከላከያ ራዳሩን እንደ መጋረጃ ይከልለዋል።

ከሁሉም በላይ የተለመደው መኪናዋን ከፍ ማስደረግ ነው። ለከተማ አስፋልት የተሠሩ ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ መኪኖች በጠጠር መንገድ ሆዳቸው እንዳይመታ በስፕሪንጎቹ ላይ መጨመሪያ እየገባላቸው ከፍ ይላሉ። ባትሪው ከሥር ስለሆነ የባለቤቶቹ ሥጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን የፊቱና የኋላው ከፍታ እኩል ካልተጨመረ የካሜራው ዓይን ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ያዘነብላል፤ እኩል ቢጨመርም ካሜራው የተሠራበት ከፍታ ተለውጧል። ሥራውን የሚሠሩት ባለሙያዎች ይህን ለባለቤቱ ሲነግሩ ግን አልሰማሁም።

ጭቃና አቧራም አሉ። ይህ ቀላሉ ነው፤ በጨርቅና በውኃ ይፈታል። በክረምት ከወረዳ የተመለሰች መኪና «ሴንሰሩ ተሸፍኗል» የሚል መልእክት ብታሳይ ብልሽት ሳይሆን ጭቃ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው።

ስክሪኑ ሲጠፋ

ስክሪኑ ኮምፒውተር ነው፤ እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ያረጃል፣ ይሞቃል፣ ይደናገራል። የማርጀቱን ነገር በደንብ ያሳየው የቴስላ ሞዴል ኤስ እና ሞዴል ኤክስ ታሪክ ነው። መኪኖቹ 8 ጊጋባይት የሚይዝ የማስታወሻ ክፍል ነበራቸው። ሶፍትዌሩ የመኪናዋን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እየመዘገበ በዚያው ላይ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ማስታወሻ የሚጻፍበትና የሚሰረዝበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ አለቀ። ስክሪኑ ሲጠፋ የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጉም ማጥፊያው መቆጣጠሪያም አብረው ጠፉ። እ.ኤ.አ በ2021 መጀመሪያ 134 ሺህ 951 መኪኖች ለእርማት ተጠሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌሎች 130 ሺህ ገደማ የቴስላ መኪኖች ተጠርተዋል፤ የዚህኛው ምክንያት በፈጣን ቻርጅ ጊዜ የስክሪኑ ኮምፒውተር በመሞቁ ስክሪኑ መዘግየቱ ወይም መጥፋቱ ነበር።

የኋላ ካሜራ መጥፋት እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባም። አሜሪካ እ.ኤ.አ ከግንቦት 2018 ጀምሮ አዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ያስገደደችው፣ ወደ ኋላ በሚሄዱ መኪኖች በዓመት ወደ 210 ሰዎች ይሞቱ እንደነበር በመገመቱ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ፎርድ እ.ኤ.አ በ2025 ከ1 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን የጠራው በዚሁ ካሜራ የሶፍትዌር ችግር ምክንያት ነው። ምስሉ ይዘገያል ወይም ቀጥ ይላል። ጨርሶ ከጠፋው ይልቅ ቀጥ ያለው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ አሽከርካሪው ከአፍታ በፊት የነበረውን ባዶ ግቢ እያየ ወደ ኋላ ይሄዳልና።

እኛ የሬዲዮ ሰዎችን የሚመለከት አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ከ2014 እስከ 2017 ሞዴል የሆኑ የማዝዳ መኪኖች ባለቤቶች ሬዲዮናቸው በአንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ተጣብቆ አልቀየር አላቸው። ጣቢያው በ94.9 ኤፍ ኤም የሚሠራጨው ኬ ዩ ኦ ደብሊው ነበር። ስክሪኑ እየጠፋ ይበራል፤ ካርታውም ካሜራውም አይታይም። መንስኤው ሲጣራ ጣቢያው ከድምፁ ጋር የሚልካቸው ምስሎች የፋይል ዓይነታቸውን የሚገልጽ ቅጥያ ሳይኖራቸው መላካቸው ሆነ። የመኪናው ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ፋይል ይመጣብኛል ብሎ አልጠበቀም፤ ግራ ተጋብቶ ተበላሸ። ክፍሉን ለመቀየር የተጠየቀው ወደ 1 ሺህ 500 ዶላር ነበር። አድማጭን ጣቢያ እንዳይቀይር ማድረግ የሁላችንም ምኞት ቢሆንም፣ በዚህ መንገድ አልነበረም።

ስክሪኑ ለካርታው የሚጠቀምበት የሳተላይት ምልክትም ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ በግንቦት 2024 ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ በአሜሪካ በቆሎ በመዝራት ላይ የነበሩ ገበሬዎች በሳተላይት የሚመሩ ትራክተሮቻቸው ከመሥመር ስለወጡባቸው ሥራ አቁመዋል። በሴንቲ ሜትር ለሚለካ ዘር ያ ትልቅ ኪሣራ ነው፤ ለመኪና ካርታ ግን ጥቂት ሜትር መሳት ብዙም አይጎዳም።

የቋንቋውና የማዘመኛው ነገር

ለቻይና ገበያ ተሠርተው ወደ እኛ የሚመጡ መኪኖች ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር አለ። ስክሪናቸው በቻይንኛ ነው፤ ካርታቸው የቻይና ነው፤ ሶፍትዌራቸውን የሚያዘምኑት በቻይና ካለ ኮምፒውተር ጋር በዚያው ሀገር ሲም ካርድ ተገናኝተው ነው። እዚህ ሲደርሱ ግንኙነቱ ይቋረጣል። አምራቹ ስሕተቱን አርሞ ማዘመኛ ቢልክም፣ ማዘመኛው መርዓዊ መንገድ ላይ ላለችው መኪና አይደርሳትም።

ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እንቀይራለን የሚሉ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ። አንዳንዶቹ በስክሪኑ ላይ መተግበሪያ ብቻ ይጭናሉ፤ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም። ሌሎቹ ግን የስክሪኑን ዋና ሶፍትዌር ለሌላ ሀገር በተሠራ ሶፍትዌር ይተካሉ። ሥራው መሐል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ወይም ሶፍትዌሩ ከመኪናዋ ሞዴል ጋር ባይገጥም ስክሪኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ ከተነሣም በኋላ ካሜራው ወይም የማስጠንቀቂያ ድምፁ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። ይህን ያሠራ ሰው ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት የኋላ ማርሽ አስገብቶ ካሜራውን፣ ፍሬቻውን አብርቶ ድምፁን መሞከር አለበት።

የእኛዋ መኪና ጉዳይ የተገለጠው በመልሱ ጉዞ ነው። ባልደረባዬ በስክሪኑ ላይ የቀረውን ቢጫ ጽሑፍ በስልኩ ካሜራ አንሥቶ በመተርጎሚያ መተግበሪያ ሲያየው፣ የፊት ራዳሩ አቅጣጫ ይስተካከል የሚል ነበር። ለአሽከርካሪያችን «ጋሼ፣ ፊቷ ተመትቶ ያውቃል እንዴ?» አልኋቸው። ከአራት ወር በፊት ፓራውልቷ ከአንድ ጋሪ ጋር ተጋጭቶ በሌላ መተካቱን ያን ጊዜ ነገሩን። መልእክቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጊዜው ይመጣ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ ባትሪው የሚናገር መስሏቸው ነበር።

ምን ማድረግ ይቻላል?

መኪናዋ በራሷ ፍሬን ስትይዝ ያጋጠመው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመዝገብ ያለበት ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ፍጥነቱን፣ ከፊት የነበረውን ነገርና በስክሪኑ የወጣውን ጽሑፍ ነው። ስክሪኑን ፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ ፎቶውን የሚያነሣው ግን አብሮ የተሳፈረ ሰው ይሁን፤ ወይም መኪናዋ ዳር ይዛ ከቆመች በኋላ ይነሣ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ ድልድይ ወይም በአንድ ኩርባ፣ ምክንያቱ ምናልባት የቦታው ብረት ነው። በየቦታው ከሆነ ግን ልኬቱ ወይም ሴንሰሩ ሊመረመር ይገባል። በብዙ ሞዴሎች ፍሬኑ በከንቱ ሲይዝ የፍጥነት መስጫውን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ትእዛዙን ይሽረዋል፤ መንገዱ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው ታዲያ።

ብዙ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ጊዜ ከበሩ ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ማስመርመር ይቀድማል። የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ይህችን ባትሪ ይይዛሉ፤ ስትዳከም ጤነኛ የሆኑ ክፍሎች ሁሉ የታመሙ መስለው ይታያሉ። ለራዳርና ለካሜራ የሚከፈለው ገንዘብ ከባትሪዋ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥ ያለ ስክሪን በብዙ መኪኖች የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ወይም ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በመያዝ እንደገና ይነሣል። በየሳምንቱ እንዲህ ማድረግ ካስፈለገ ግን መፍትሔ ሳይሆን ምልክት ነው። መኪናዋን ጥላ ሥር ማቆምም ይጠቅማል።

ሥርዓቱን ለጊዜው ማጥፋት የግድ ሲሆን፣ በብዙ ሞዴሎች መኪናዋ ጠፍታ በተነሣች ቁጥር ተመልሶ እንደሚበራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ያጠፋ ሰው ከምሳ በኋላ እንደጠፋ ነው ብሎ ይነዳል፤ ነገር ግን በርቷል። የተገላቢጦሹም አለ፤ መኪናዋን በተውሶ የወሰደ ሰው ይሠራል ብሎ የተማመነበት ፍሬን በባለቤቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የባለቤቱ ግዴታ ቁልፉን ሲሰጥ ይህንንም መንገር ነው።

ገና ያልገዛ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው ብዙ አለ። መኪናዋ ለየትኛው ሀገር ገበያ ተሠራች? መስታወቷ ወይም ፓራውልቷ ተቀይሮ ያውቃል? ማዘመኛ ከየት ታገኛለች? ካሜራና ራዳር የሚለካ መሣሪያ ያለው ጋራዥ የቱ ነው? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መልሱን በጽሑፍ መቀበል በኋላ ለሚነሣ ክርክር ይረዳል።

በአምራቹ ወኪል በኩል ያልገባች መኪና ለእርማት ብትጠራ ለባለቤቱ ደብዳቤ የሚልክለት የለም። ባለቤቱ ራሱ መፈለግ ይኖርበታል። በሻንሲው ላይና በፊት መስታወቱ የታችኛው ጥግ የተጻፈው 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ የመኪናዋ ስም ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነ በሀገሪቱ የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ መለያውን በማስገባት ያልተፈጸመ የእርማት ጥሪ መኖሩን በነፃ ማየት ይቻላል። ለሌላ ገበያ የተሠራች ከሆነ ጥያቄው ለአምራቹ መቅረብ አለበት። አሽከርካሪያችን በማግሥቱ መለያውን ቀድተው ለሻጩ ልከዋል፤ የራዳሩን ልኬት የሚያስተካክልላቸው ጋራዥ እስኪያገኙ ድረስም ከኋላቸው ከባድ መኪና ሲመጣ ዳር ይዘው ያሳልፉታል።